የሻሺቱ እግር

ከጫኖ ወደ ከተማው፣ ወደ ሲቀላ የምትሄደው ሚኒባስ እንደ ልማዷ ሰው በሰው ላይ ጭና ነው የተነሣችው። ወለቴ የሙዝ ዘለላዋን ጭኗ ላይ አቅፋ፣ የነጠላዋን ጫፍ ከጎረቤቷ ክርን ሥር ጎትታ አውጥታ፣ ረዳቱን ገና ከመነሻው ሰድባ ጨርሳለች። ሙዙን እንደ ሰው አስከፍሏት ነው። «ካስከፈልከውማ ወንበር ስጠው፣ ቆሞ አይሄድም» ስትለው ተሳፋሪው ሳቀ፣ ረዳቱም ሳቀ፣ ገንዘቡን ግን አልመለሰም። እሷም ነገሩን ትታ በመስኮቱ የሰውን ማሳ ታይ ጀመር፤ የማን ሙዝ ውኃ እንደጠማው፣ የማን ማንጎ ሳይለቀም እንደቀረ። ከፊቷ ሁለት ሴቶች የገበያ ዘንቢላቸውን ታቅፈው ያወራሉ። ሚኒባስ ውስጥ የተወራ ወሬ ደግሞ የሁሉም ነው፤ ጆሮ መዝጊያ የለው።

«የአረቄዋን ሻሺቱን ታውቂያታለሽ አይደል? የደበሌን ሚስት?»

«ማን የማያውቃት አለ። ምነው?»

«እግሯ አብጦ አብጦ ዝሆኔ ሆነ አሉ። ዛሬ ለልጇ ሽማግሌ ሊገባ ነው። ባሏ ሽማግሌዎቹ እንዳያዩበት ብሎ ጫኖ፣ እናቷ ዘንድ ሰደዳት።»

«ምን ያድርግ። ዝሆኔ በዘር ነው ይላሉ። ከዚያ ቤት ማን ደፍሮ ልጅ ያገባል?»

ወለቴ የሻሺቱ እናት ናት። ጫኖ ያለው ቤት የእሷ ቤት ነው። ጠዋት በሩን ስባ ስትወጣ ውስጥ የቀረችው አንዲት ፍየል ብቻ ናት።

እጇ ሳታውቀው ጠበቀና ከዘለላው መሀል አንዱ በስሎ የነበረ ሙዝ ጣቶቿ መካከል ተጨፈለቀ። ጣቷን በነጠላዋ ጠረገች። «እናቲቱንስ ታውቋታላችሁ?» አለች፣ ድምፅዋን አለስልሳ።

«የለም እማማ፣ እኛ የከተማ ነን።»

«ደህና ሴት ናት ይሏታል» አለች ወለቴ። «ምላሷ ብቻ ነው ክፉ።»

ከመስቀል ወዲህ ልጇን በዓይኗ አላየቻትም። ስልክ ስታስደውል የምታነሣው የደበሌ እኅት ቦንቱ ናት፤ አንድ ቀን ተኝታለች፣ አንድ ቀን ገበያ ወጥታለች፣ አንድ ቀን እጇ ሊጥ ነክቷል። የሽማግሌውን ነገር እንኳ የሰማችው ከመንገደኛ ነው። ባትጠራም ባዶ እጄን አልሄድም ብላ ሙዟን ቆርጣ ተነሣች። ሻሺቱ አረቄ ማውጣት የጀመረችው ልጇን ማዕዶትን አዝላ ነው። መስኮቷ መሀረብ በማታክል ክፍል ውስጥ እንጨት እየማገደች፣ ድፍድፉን እያፈላች፣ ማዕዶት ታዝላ፣ ማዕዶት ድክ ድክ ብላ፣ ማዕዶት ኮሌጅ ገብታ ወጥታ፣ ያን ሁሉ ዘመን ጭሱን እንደ ውኃ ጠጥታዋለች። ደበሌ አናጢ ነኝ ይላል። በዚያ ቤት ውስጥ በእጁ ሠርቶ የቆመለት አንድ በርና አንድ በርጩማ ነው፤ ቆርቆሮው፣ ሶፋው፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን፣ ሁሉም የወጣው ከዚያች ጥቁር ክፍል ነው። እና ያቺ ልጅ ጫኖ ካልመጣች የት ናት? ሰው ሞቶ ይቀበራል። ቆሞም ይቀበራል። ወለቴ የትኛው እንደሆነ ሳታውቅ ሲቀላ ወረደች።

የደበሌ ቤት ከገበያው ኋላ፣ ባጃጆች ከሚታጠቡበት ጭቃ አልፎ ነው። የግቢው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ከበሩ እስከ ሳሎኑ ቄጠማ ተጎዝጉዟል፣ የእድሩ ወንበሮች በረድፍ ቆመዋል፣ የለስላሳ ሳጥኖች በግድግዳው ጥግ ተደርድረዋል። አዲስ መጋረጃ ተሰቅሏል፤ መታጠፊያው ገና ከሱቅ እንደወጣ አልለቀቀም። ቦንቱ በረንዳው ላይ ሙቀጫ ፊት ቁጭ ብላ ለዳጣ የሚሆን ሚጥሚጣና ዝንጅብል ትወቅጣለች። ማዕዶት ጥለት ያለው ነጭ ቀሚሷን ለብሳ ሶፋው ጫፍ ላይ፣ ጥፍሯን እንዳይነካባት ጣቶቿን ዘርግታ ተቀምጣለች። አያቷን ስታይ ተነሣች፤ ተነሥታም እዚያው ቆመች፤ ሮጣ አልሳመቻትም። ወለቴ ይህን አየችና ሙዟን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«እማማ፣ ምነው ሳይነግሩን» አለ ደበሌ፣ የኮቱን ቁልፍ እየቆለፈ።

«ሳልነግራችሁ የመጣሁት ሳትነግሩኝ ስለደገሳችሁ ነው። ልጄ የት ናት?»

ደበሌ «ጸበል ወስደናታል» ሲል፣ ቦንቱ ከበረንዳው በዚያው ትንፋሽ «ሐኪም ቤት ተኝታለች» አለች። ወንድምና እኅት ተያዩ።

«መንገድ ላይ ደግሞ ጫኖ እኔ ዘንድ ናት ሲሉ ሰማሁ» አለች ወለቴ። «አንድ ሴት በአንድ ጊዜ ሦስት ቦታ ከሆነች ቅድስት ሆናለች ማለት ነው። ቤት ሙሉ ሰው ይዛችሁ አንድ ውሸት መማከር ያቅታችኋል?»

በዚያ ቤት ዝምታው ከሶፋው የቆየ ነው። ማዕዶት ጥፍሯን ታያለች፣ ቦንቱ ሙቀጫውን ታያለች፣ ደበሌ በሩን ያያል። በዝምታው መሀል ከጓሮ በኩል ሳል መጣ። ሦስት አጭር አጭር፣ ከዚያ እንደ ማንቆርቆሪያ የሚያፏጭ አንድ ረጅም። እናት የልጇን ሳል ከሺህ ሳል ትለየዋለች። ወለቴ መንገድ አልጠየቀችም።

የአረቄዋ ክፍል ከጓሮው ጫፍ፣ ከበረንዳው ጥቂት እርምጃ ላይ ናት፤ ግድግዳዋ ጭቃ፣ ጣራዋ የዛገ ቆርቆሮ። ጭሱ በቆርቆሮውና በግድግዳው መካከል ጥቂት በጥቂት ይሾልካል፣ መውጫ እንዳጣ ነገር። ያችው መሀረብ የማታክል መስኮት ጆንያ ተጠቅጥቆባታል። በሩ ከውጭ በጓጉንቸር ተቆልፏል። ደበሌ ቀድሟት በሩ ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ።

«እማማ፣ ትንሽ ሰዓት ነው። ሽማግሌዎቹ በልተው ሲነሡ ወዲያው እከፍታለሁ። ለማዕዶት ሲሉ። እሷ ራሷ እሺ ብላ ነው የገባችው።»

«እሺ ካለች ለምን ቆለፍከው?»

«ሳሉ ሲጠናባት ትወጣለች፣ ለዚያ ነው። ቢያዩዋት ነገሩ አለቀ። እግሯን አላዩትም እርስዎ።»

«ጆንያውስ?»

«ሳሉ እንዳይሰማ።»

«እሳቱንስ ማን ለኮሰው?»

ደበሌ እንደማፈር አለ። «ሥራ ፈትታ ከምትቀመጥ ብዬ ነው። ለሽማግሌዎቹም ትኩሱ ይሻላል።»

ወለቴ ብዙ ክፉ ነገር ሰምታለች። እንዲህ ያለ ግን እንደ ቀላል ነገር ሲነገር አልሰማችም። «ቁልፉን አምጣ» አለችው። ደበሌ በትከሻዋ ላይ አሻግሮ ማዕዶት ወደቆመችበት በር አየና ራሱን ነቀነቀ። ልትገፋው እጇን ስትዘረጋ እሱ ቀደመና በሁለት እጁ ደረቷን ገፈተራት። ወለቴ ወደ ኋላ ሄዳ የለስላሳው ሳጥን ላይ ወደቀች። ጠርሙስ ተሰበረ። መዳፏ ተዘነጠለና ደሟ ከብርቱካኑ ለስላሳ ጋር ተደባልቆ በክንዷ ወረደ። ቦንቱ ተነሥታ «ኧረ ደበሌ፣ ሰው ይሰማል» አለች፤ አሮጊት ወደቀች አላለችም፤ ሰው ይሰማል ነው ያለችው።

ወለቴ ማንም ሳያነሣት ተነሣች። ስትነሣ በእጇ የያዘችው ከበረንዳው ጠርዝ ያነሣችውን የቦንቱን ዘነዘና ነው፣ ጫፉ በሚጥሚጣ የቀላውን። ደበሌን አልተናገረችውም። በጎኑ አልፋ ጓጉንቸሩን በሙሉ ክንዷ መታችው። ደበሌ ከኋላ ነጠላዋን ይዞ አንገቷ ላይ ጠመዘዘው፤ ዓይኗ ጨለመባት፣ ጆሮዋ ውስጥ ውኃ እንደሚወርድ ጮኸ። ሳታይ ዘነዘናውን ወደ ኋላ ሰነዘረችው። የእጁ አንጓ እንደ ደረቅ ጭራሮ ቋ አለ። ደበሌ ጮኸና በደኅናው እጁ ፊቷን በጥፊ አጮላት፤ አፏ በደም ሞላ። ደሙን የአዲሱ ኮቱ ደረት ላይ ተፋችና ወደ በሩ ተመለሰች። ደግማ መታችው፣ ሠለሰችው። ጓጉንቸሩ አልተሰበረም፤ ብረቱ ከነምስማሩ ከእንጨቱ ተነቅሎ ወጣ። በሩን የሠራው ደበሌ ነው፤ ሥራው ለአንድ ቀን እንኳ ሰው ጠቀመ።

ጭሱ እንደታሰረ ወይፈን ዘሎ ወጣ። ሻሺቱ ከምድጃው አጠገብ በርጩማው ላይ፣ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ ተክላ፣ አንገቷን አስግጋ ተቀምጣለች። ከንፈሯ ጠቁሮ ወደ ሰማያዊ ሄዷል። የአንገቷ ሥር እንደ ገመድ ተገትሯል። እግሯ ከጉልበቷ በታች የሰው እግር አልመስል ብሏል፤ ተወጥሮ፣ ቆዳው እንደ መስተዋት እያብለጨለጨ፣ ቁርጭምጭሚት የሚባል ነገር ጠፍቶ። ከፊቷ አረቄው ከመቃው ጫፍ ጠብ ጠብ ይላል። አንድ ጠርሙስ ሞልቶ ሁለተኛው ተጀምሯል።

«ልጄ» አለች ወለቴ።

ሻሺቱ ቀና ብላ አየቻትና አላወቀቻትም። «ቦንቱ፣ ደግሞ ልትሰርቂኝ መጣሽ?» አለች፣ ቃሉን እየቆራረጠች። ከምድጃው የሚነድ እንጨት መዘዘችና የእናቷን ትከሻ መታችበት። ነጠላው ጨሰ። ደግማ አነሣች። ወለቴ ገብታ ወገቧን ስታቅፋት ሻሺቱ የተዘነጠለውን መዳፏን ነከሰችው፤ ነክሳም አለቀቀችም። ይህች ሴት በዕድሜዋ ዶሮ ስታሳርድ ፊቷን የምታዞር ናት። ጠላቷን እንኳ ሰድባ አታውቅም፤ ስድቡን ሁሉ ለእናቷ ትታላታለች። ቦንቱ ከበረንዳው «ሰይጣን ነው፤ በእግሯ ገብቶ ራሷ ላይ የወጣ ሰይጣን ነው» እያለች ታማትባለች። ወለቴ እየተነከሰች፣ ትከሻዋ እየነደደ፣ ልጇን እንደ ጆንያ ጎትታ ወደ ግቢው አወጣቻት።

ሽማግሌዎቹ የገቡት ያኔ ነው። ፊት ፊት የሚመጣው ማዕዶትን ሊያገባ የጠየቀው የጌዲዮን አባት ኃይለመስቀል ነው፣ ጋቢ ለብሶ፣ ዣንጥላውን እንደ ከዘራ ይዞ፤ ከኋላው ሁለት ሰዎች። ቄጠማው ላይ ሦስቱም ደርቀው ቀሩ። ደበሌ አያቸው። ለወራት የሸፈነው ገመና በጠራራ ፀሐይ ተዘርግቷል፤ እጁ ተሰብሮ ተንጠልጥሏል፤ ኮቱ ደም ሆኗል። ያኔ ሰውየው አበደ። ጠጋ ብሎ ሚስቱ መሬት ላይ የዘረጋችውን እግር በጫማው ረገጠው። «ይህ እግር» እያለ ደገመው። «ይህ እግር ቤቴን አፈረሰው።» የተወጠረው ቆዳ ተተረተረ። ደም አልወጣም። ጥርት ያለ ውኃ ነው የፈሰሰው፤ በቁርጭምጭሚቷ ወርዶ ቄጠማውን አራሰው።

«ዝሆኔ» አለ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ በሹክሹክታ።

ወለቴ ዘነዘናውን ከጣለችበት አንሥታ በሁለት እጇ ከራሷ በላይ ከፍ አደረገች። ዓይኗ ያረፈው የደበሌ ጭንቅላት መሀል ላይ ነው፤ መላጣው የጀመረበት ቦታ ላይ። ከወረደ አይመለስም፤ እሷም እንዲመለስ አልፈለገችም። ያን ጊዜ ኃይለመስቀል ዣንጥላውን ጥሎ፣ ከእግሩ ሥር እርጥቡን ሣር አፍሶ፣ በሁለቱ መካከል ተንበረከከ፤ ሣሩን በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ ያዘ። በጋሞ ምድር ሽማግሌ ሣር ይዞ ከተንበረከከ በላዩ የሚያልፍ የለም፤ ያለፈበት ከሰው አይቆጠርም። ደበሌ እግሩን ሰበሰበ። የወለቴ ክንድ ግን አየር ላይ ቆየ። መቼም ሰው ልቡ እንደዚያ ነዶ ባህል ማክበር ቀላል አይደለም። በመጨረሻ ዘነዘናውን ዝቅ አደረገችው።

«ሣርህን አከበርኩ» አለች። «አሁን ተነሥና ባጃጅ ጥራ።»

ማዕዶት እያለቀሰች ሮጣ መጣች። እናቷን ልታነሣ ጎንበስ ስትል ከቀሚሷ አንገት ከማተቧ ጋር የታሰረ ነገር ወጥቶ ተወዛወዘ። ከመስቀሏ ጎን የተንጠለጠለ የጓጉንቸር ቁልፍ ነው። ወለቴ ቁልፉን አየች፣ የልጅቱን ፊት አየች። የማዕዶትን እጅ ከእናቷ ብብት ሥር አላቀቀችና ከመጣው የባጃጅ ሾፌር ጋር ሻሺቱን ራሷ ተሸከመቻት።

ሆስፒታል ሲደርሱ ሻሺቱን ተረባርበው አልጋ ላይ አወጧት፣ በአፍንጫዋ ቀጭን ቱቦ አደረጉላት፣ ክንዷን ወጉ። የወለቴን መዳፍ የሰፋላት አንድ ነርስ ነው፤ ማደንዘዣ ልስጥዎት ሲላት «የዛሬው በቅቶኛል፣ ዝም ብለህ ስፋ» አለችው። ሉሊት የምትባል ወጣት ሐኪም የሻሺቱን ደረት አዳመጠች፣ የአንገቷን ሥር ተመለከተች፣ ከዚያ አውራ ጣቷን ባልተተረተረው እግሯ ቅልጥም ላይ አሳርፋ ተጫነችው። ጣቷን ስታነሣ ሊጥ ላይ እንደተወጋ ጉድጓድ ቀረ። ጉድጓዱ ቶሎ አልሞላም።

«ዝሆኔ ነው?» አለች ወለቴ። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋ ደከመ።

«አይደለም እማማ። ዝሆኔ ከጣቶችና ከመርገጫው ይጀምራል፣ እየቆየም ቆዳው ይሻክራል፣ ይጠጥራል። ዝሆኔ ቢሆንስ? አይጋባም፣ ማጠብና ጫማ ነው የሚፈልገው፤ ሰው አይቆለፍበትም። እግሯ የታመመ አይደለም። የታመመው ሳንባዋ ነው።»

«ሳንባ እዚህ፣ እግር እዚያ» አለች ወለቴ፣ በእጇ እያሳየች።

ሐኪሟ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችላት። «ጭሱ ሳንባዋን ዓመት በዓመት አጠበበው። ልቧ ደሙን በዚያ ጠባብ ሳንባ ውስጥ ልግፋ ብላ ስትታገል ኖረች፤ አሁን ደከማት። ልብ ሲደክም ደሙ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ውኃው ወደ እግር ይወርዳል። ጉበቷም አብጧል። ዛሬ እርስዎን የመታችዎትም ጠፍቷት ነው። የተቃጠለው አየር መውጫ አጥቶ ደሟ ውስጥ ሲጠራቀም አእምሮን ያሰክራል።»

ወለቴ ጉድጓዱን በጣቷ ነካች። ቀለም አልቆጠረችም፤ ውኃን ግን ታውቃለች። የጫኖ መስኖ ቦይ ከታች በደለል ሲደፈን ውኃው የሚያጠፋው ደለሉ ያለበትን ማሳ አይደለም፤ ወደ ኋላ ተመልሶ ከላይ ያለውን የሰው ሙዝ ነው የሚያሰጥመው። ባለሙዙ ከቦዩ አፍ ጋር ሲጣላ፣ ማሳው ተረግሟል ሲል፣ ሥሩን ሲነቅል ይከርማል። ደለሉ ያለው ሌላ ቦታ ነው። «ገባኝ» አለች። «የተደፈነው ሌላ፣ የሰጠመው ሌላ። እነሱ የሰጠመውን ሲረግጡ ነበር።»

ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ሻሺቱ ዓይኗን ገለጠች። የከንፈሯ ጥቁረት ሸሽቷል። የእናቷን በፋሻ የታሰረ እጅ አየች፣ ያበጠ አፏን አየች።

«እማዬ። ማነው የመታሽ?»

«መንገድ ላይ ወድቄ ነው» አለች ወለቴ። ውሸት አትወድም፤ ይህኛው ግን አልከበዳትም።

«ሽማግሌዎቹ በሉ?»

ወለቴ አንሶላውን አስተካከለችላት። ሻሺቱ ትንፋሿን እየሰበሰበች፣ በየቃሉ እያረፈች ቀጠለች። «ማዕዶትን እንዳትቆጫት። ሳልወድ አልገባሁም። እማ ጭሱ ከባሰብሽ አንኳኪ፣ ቁልፉ እኔ ጋ ነው፣ እከፍትልሻለሁ ብላኛለች።» አየር ሳበች። «አንኳኳሁ። የሰማች አይመስለኝም።»

ደበሌ እጁን በጀሶ አሳስሮ መጣ፤ ከኋላው ኃይለመስቀል። ሐኪሟን ያዛትና ጠየቃት፤ የነገረችውን ሲሰማ ፊቱ በራ፤ ልክ ሚስቱ የዳነች ነው የሚመስለው። «ሰማህ አቶ ኃይለመስቀል? ዝሆኔ አይደለም። ሳንባ ነው፣ ሳንባ በዘር አይሄድም» አለ። ኃይለመስቀልም ጉሮሮውን ጠርጎ «እንግዲያው በእኛ በኩል ቃላችን አልተነካም» አለ። አልጋው ላይ ስላለችው ሴት ሁለቱም ያወራሉ፤ ወደ አልጋው ግን ማንም አላየም። ደበሌ ወደ ሐኪሟ ዞሮ «መቼ ነው ወደ ሥራዋ የምትመለሰው?» አላት።

«ወደዚያ ጭስ ከተመለሰች ትሞታለች።»

ደበሌ ጥቂት አሰበ። «መስኮቱን አሰፋዋለሁ» አለ።

ክፍሉ ውስጥ ያሉት አስታማሚዎች ሁሉ ዘወር ብለው አዩት። ወለቴ ከበርጩማዋ ተነሥታ ኃይለመስቀል ፊት ቆመች። «አንተ ሣር የያዝክ ሰው ነህ፣ ስለዚህ በደኅና ቃል ልንገርህ። በዘር የሚሄድ ነገር ፈርተህ እግር ልታይ መጣህ። በሩን የቆለፈው ይኼ ነው። ቁልፉን ከማተቧ ጋር ያሰረችው ልጁ ናት። አንተም ታምመህ አልጋ የምትይዝበት ቀን ይመጣል፤ ምራትህ ስትሆን ቁልፉን የት እንደምታስቀምጠው ጠይቅ። እግሯንስ ተወው፣ ደህና ነው።»

ኃይለመስቀል ዣንጥላውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወረና ወጣ። ደበሌ «አጠፉኝ እማማ፣ ልጄን አጠፏት» እያለ ተከተለው።

ወለቴ ልጇን ለነርሱ አደራ ብላ ብርድ ልብስና ቅያሬ ልታመጣ ወደ ሲቀላ ወረደች። ግቢው ውስጥ ቄጠማው ተረጋግጦ ጠውልጓል። ቦንቱና ሁለት ጎረቤቶች የቀረውን ድግስ እየበሉ ነበር፤ ጉርሻቸው አፋቸው ውስጥ እንዳለ ቀሩ። ዘነዘናው ከወደቀበት ጠጠር ላይ አለ። አነሣችው። ጓሮ ዘልቃ ድፍድፉ ያለበትን ጋን በአንድ ምት ሁለት አደረገችው። ምድጃው ላይ ያለውን ገንቦ ሰበረችው፣ መቃውን ረግጣ ሰነጠቀችው፣ ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ ግድግዳው ላይ ፈረከሰቻቸው። የእጇ ስፌት ተፈታና ፋሻው ቀላ። አረቄው በግቢው መሀል ወንዝ ሠርቶ ወደ መንገዱ ወረደ፤ ሽታው ባጃጅ አጣቢዎቹን ሳይቀር አጥሩ ጋ ሰበሰባቸው። ቦንቱ «የሰው ንብረት ነው፣ ፖሊስ ጥሩልኝ» ትላለች። «ጥሪው» አለች ወለቴ፤ «ጓጉንቸሩንም አሳይልኝ»፤ ከዚያ የመጨረሻዋን እንስራ መታች። ሸክላ ላይ ሣር የሚጥል ሽማግሌ የለም።

የሚሰበር ነገር ሲያልቅ ዞር አለች። ማዕዶት የተገነጠለው በር አጠገብ ቆማለች። ነጭ ቀሚሷ ጫፉ ድፍድፍ ነክቶታል። ቁልፉን ከማተቧ ፈትታ በመዳፏ ይዛዋለች፤ ዘረጋችው።

«ምን ላድርገው» አለች ወለቴ። «በር የለም።»

ልጅቱ እጇን አልሰበሰበችም። ወለቴ ዘነዘናውን ግድግዳው ላይ አስደገፈች። «እናትሽ አንኳኩቼ ነበር፣ አልሰማችም ትላለች። እኔ ግን አንቺን ነው የምጠይቀው። ሰምተሻል?»

ማዕዶት መዋሸት ትችል ነበር፤ በዚያ ቤት ትምህርቱ አልጎደለባትም።

«ቴሌቪዥኑን ከፍ አደረግሁት» አለች።

ወለቴ እጇን ለጥፊ አነሣች። ፋሻው ደም ያንጠባጥባል። ማዕዶት ዓይኗን ጨፍና ጉንጯን ሰጠቻት፤ እንዲያውም ትንሽ ጠጋ አለች። ወለቴ እጇ አየር ላይ እንዳለ ልጅቱን ስታያት ቆየችና አወረደችው። ጥፊ ቢያርፍባት ይቀላት ነበር፤ ማቅለል ደግሞ የእሷ ሥራ አይደለም። ቤት ገብታ የሻሺቱን ብርድ ልብስና አንድ ቀሚስ ጠቀለለች። ጫማዋን አንሥታ መልሳ ጣለችው፤ በዚያ እግር አይገባም።

«የሐኪም ቤቱ ሲያበቃ ይዣት እሄዳለሁ» አለች ስትወጣ፣ ወደ ኋላ ሳትዞር። «ሰው እናትሽ የት ናት ካለሽ፣ ጫኖ፣ እናቷ ዘንድ ናት በይ። እንግዲህ ውሸት አይሆንብሽም።»

በሳሎኑ ስታልፍ የሙዝ ዘለላዋ ጠዋት ያስቀመጠችበት ጠረጴዛ ላይ፣ ሳይነካ አለ። ብብቷ ሥር አደረገችው። ጠዋት ሚኒባስ ውስጥ የጨፈለቀችውን አንዱን ገንጥላ ጠረጴዛው ላይ ተወችላቸው።